መዝሙሩ ሲነፋ የቆሙት

ጥቅምት 8

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣ ለእትዬ፦

እንደምን ሰነበታችሁ? አባባስ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኔ ደህና ነኝ። "ጥሩምባ ስትይዝ የሚፍታታው ጣትህ እስክሪብቶ ሲይዝ ነው የሚሽመደመደው?" ብለሽ የጻፍሽውን አንብቤ ስቄ አፈርኩ። ልክ ነሽ። ለዝምታዬ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ሥራ አገኘህ ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ ተመስገን ነው። ከተማው መሀል ትልቅ መናፈሻ አለ። በውስጡ ጣሪያ ያለው መድረክ፣ ከፊቱ ደግሞ ሣሩ ላይ የተደረደሩ የብረት ወንበሮች አሉ። እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ ልጁን እየጎተተ ይመጣል፤ እኛ እንጫወታለን። በባንዱ ውስጥ ከየሀገሩ የመጣ ሰው አለ። እኔ ሁለተኛው ጥሩምባ ነፊ ነኝ። አባባ ይህን ሲሰሙ "ሁለተኛ ለምን?" እንደሚሉ አውቃለሁ። አንደኛው ሽማግሌ ነው በያቸው፤ ደስ ይላቸዋል።

"የኛን ነገር ይጫወታሉ ወይ?" ብለው መጠየቃቸውን ጽፈሽልኛል። እንግዲህ ንገሪያቸው። ባለፈው እሁድ ብቻዬን ወደፊት ወጥቼ የሀገራችንን መዝሙር ነፋሁት። መናፈሻው ጢም ብሎ ነበር። ገና ስጀምር ሰዎች ከወንበራቸው ተነሥተው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆሙ። ይህን ንገሪያቸውና ደስ ይበላቸው።

ሌላ ወሬ የለም። ብርዱ ጀምሯል። የሠራሽልኝ ሹራብ እጅጌው አጥሮኛል፤ አንቺን የሚያህል ልብስ ሰፊ ወንድሙን ሳይለካ መስፋቱ ይገርማል።

ወንድምሽ ፉጨት


ኅዳር 2

ለውድ ወንድሜ ለፉጨት፦

እንደምን ከረምክ? እኛ ደህና ነን። ክንድህ ከሄድክ ወዲህ ረዝሞ ከሆነ እኔ ምን ላድርግ? ሹራቡን መልሰህ ላከው፣ እቀጥልልሃለሁ።

ደብዳቤህ የደረሰ ቀን የሆነውን ልንገርህ። ከስፌት መኪናዬ ሳልነሣ ማንበብ ስጀምር መዝሙሩ ጋ ስደርስ አባባ እጃቸውን አነሡና "ቆይ፣ ቆይ" አሉኝ። "እንዲህ ያለ ነገር ቁጭ ተብሎ አይነበብም።" ተነሥቼ አነበብኩ። እንደገና አስነበቡኝ። ከዚያ ፊታቸውን ታጥበው፣ ያን የማርሽ ባንድ ኮታቸውን አስጠረጉኝና ወደ ፀጉር ቤት ሄዱ። ፀጉር አስተካካዩ እንደነገረኝ የአንዱን ሰውዬ ግማሽ ጢም ላጭቶ ግማሹን ትቶ ነው ያዳመጣቸው።

እዚያ ያሉትን ልጻፍልህ፣ ያስደስትሃል። "የሬዲዮ መዝሙር ለጆሮ ነው" አሉ። "ፊት ለፊት የተነፋ ግን ለጉልበት ነው፤ ሰውን ያስነሣል። እኔ ዕድሜ ልኬን በአደባባይ ስነፋ ሰው የቆመው ደንብ ስለሆነ ነው። ልጄ ግን ማንም ቁም በማይልበት በሰው ሀገር አስነሣቸው።" ከበሮ መቺ የነበሩት ጓደኛቸው ዓይናቸውን ጠረጉ ተባለ።

አሁን ሰፈሩ ሁሉ ያንተ ነው። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ራሳቸው መጥተው የተማሪዎቹን ዩኒፎርም ስፌት ለኔ ሰጡኝ፤ "የጥሩምባ ነፊው እህት አንቺ ነሽ?" ብለው። እኔም አንገቴን ሰበር አድርጌ "አዎን" አልኩ፤ ውስጤ ግን ይጨፍር ነበር።

አባባ የሚጠይቁህ ብዙ ነው። የቆሙት የኛ ሰዎች ናቸው ወይስ የዚያ ሀገር ሰዎች? ምን ለብሰህ ነበር? ለመሆኑ በካሴት ተቀድቷል ወይ? ከተቀዳ ላክልን፤ ከበሮ መቺው የቴፕ ባትሪ ገዝተው ተቀምጠዋል።

እኔ ደግሞ የምጠይቅህ አንድ ነገር አለኝ። ስለ አንድ ጫማ ሦስት ገጽ የምትጽፍ ሰው፣ በሕይወትህ ትልቁን ቀን እንዴት በአምስት መስመር ጨረስከው?

እህትህ


ታኅሣሥ 19

ለእትዬ፦

እንደምን አላችሁ? ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆየ። የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ ትንሽም አሞኝ ነበር፣ አሁን ድኛለሁ፣ አታስቢ።

ካሴት የለም። እዚያ መቅዳት ክልክል ነው፤ ተፈቅዶም ቢሆን ክፍት ቦታ ላይ የተቀዳ ሙዚቃ ንፋስ ብቻ ነው የሚሰማው። ከበሮ መቺውን ስለ ባትሪው ይቅርታ ጠይቂልኝ።

የቆሙት የኛ ሰዎች ናቸው። ሴቶች ናቸው። የከተማው ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ የሚያጥቡና የሚተኩሱ፣ ስድስት ወይም ሰባት ሆነው አንድ ረድፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። አላውቃቸውም ነበር። ለዕረፍት ቀናቸው ለብሰው፣ ተኳኩለው ነበር የመጡት። ስለ ልብሴ ላልሽው፣ የመድረክ ልብስ ነው። የፕሮግራሙ አዘጋጅ ከሰጠን ውጭ አንለብስም።

አባባ ፀጉር ቤት ስለ እኔ ብዙ እንዳያወሩ ብታደርጊልኝ። የሰው ዓይን ጥሩ አይደለም። ሁለተኛ ጥሩምባ ነፊ ነኝ፤ ይህን ያህል የሚወራለት ነገር አይደለም።

ሹራቡ ይበቃኛል፤ እጅጌውን ለምጄዋለሁ።

ፉጨት


ጥር 14

ለወንድሜ፦

ጤና ይስጥልኝ። አባባ ደህና ናቸው፣ ጉልበታቸውም እየተሻላቸው ነው። ሰላምታውን እዚህ ላይ ላቁመው።

ማክሰኞ ጠዋት የዩኒፎርም ኮሌታ እየገለበጥኩ ሳለ አንዲት ቀጭን ሴት ሱቁ በር ላይ ቆመች። ቁልፍ ልታስተክል የመጣች መስሎኝ "ግቢ እህቴ" አልኳት። የእጇ ቆዳ ከሳሙና ብዛት ተላልጧል። "እናቴ ታማብኝ ከውጭ ሀገር መጥቼ ነው" አለችኝ። "የጥሩምባ ነፊው አባት እዚህ ናቸው አሉኝ። እኔ ያን ዕለት መናፈሻው ውስጥ ነበርኩ።"

መቀሱን ከእጄ ጣልኩት። አባባን ከጓዳ ጠራኋቸው። ማን እንደሆነች ስነግራቸው ወንበራቸውን ለቀው እሷን አስቀመጡና እሳቸው ቆሙ። "ኧረ አባቴ፣ እርስዎ ይቀመጡ" ብትል ማን ሰምቷት።

"አንቺም ቆምሽ?" አሏት።

"አዎ አባቴ፣ ቆምኩ።"

"ሌሎቹስ?"

"ሁላችንም ቆምን።"

"እንዴት ነፋው?"

እጆቿን አየች። "ድምፁ እስከ ሩቅ ይሰማ ነበር" አለች።

አባባ አለቀሱ። እናታችን ከተቀበረች ወዲህ ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም።

ልሸኛት ወጣሁ። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ቆመችና "እትዬ፣ ሽማግሌውን አልዋሸኋቸውም። እውነት ቆመን ነበር" አለችኝ። "ታዲያ ፊትሽ ለምን ጠቆረ?" አልኳት። እዚያው አጥር ተደግፋ ነገረችኝ።

የነገረችኝን አልጽፈውም፤ አንተ ታውቀዋለህ። ከአፏ የሰማሁትን ከእጅህ ማንበብ እፈልጋለሁ፤ ሳትቀንስ፣ ሳትከትፍ። ብትሰድብህ ይቀለኝ ነበር። አልሰደበችህም። "ምናልባት ቸግሮት ይሆናል" ነው ያለችው።

ቸግሮህ ነበር?

እህትህ


የካቲት 21

እትዬ፦

ሰላም ለማለት አፍ የለኝም።

አልቸገረኝም። ከዚህ ልጀምር፤ ሰበብ እንዳይኖረኝ። የምበላው ነበረኝ፣ የማድርበትም ነበረኝ።

አዘጋጁ ሳቂታ፣ ወፍራም ሰውዬ ነው። "ዓለምን በአንድ ከሰዓት" የሚል ፕሮግራም አወጣ፤ እያንዳንዱ ሙዚቀኛ በገዛ ሀገሩ ዜማ ሕዝቡን ማሳቅ አለበት። አኮርዲዮን ተጫዋቹ ሆዱ ላይ ትራስ አስሮ በሀገሩ በላተኞች ቀለደ። የባንዳችን ከበሮ መቺ በሀገሩ ሰካራሞች። ተራው እኔ ጋ ደረሰና "ያንተስ ሀገር በምን ትታወቃለች?" አለኝ። ሁሉም ዞረው አዩኝ።

ስንት ነገር ማለት እችል ነበር። በባለጌ ሹፌሮቻችን መቀለድ እችል ነበር፤ ሲመርቁ በማያበቁት ሽማግሌዎች እችል ነበር፤ ስለ አንቺ ብቻ ብነግራቸው ይስቁ ነበር። እኔ ግን "በረሀብ" አልኩ።

በሳቅ ፈነዱ። እትዬ፣ እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ምሳዬን ብቻዬን ነበር የምበላው። በዚያ ቀን አኮርዲዮን ተጫዋቹ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ጣመኝ። ስለጣመኝም ጨመርኩበት። የተጣፈው ሱሪ የኔ ሐሳብ ነው። መታጠቂያው ገመድ የኔ ሐሳብ ነው። የቆርቆሮ ሳህኑም። የተዘጋ ቱቦ የሚገፉበትን ላስቲክ በጥሩምባዬ አፍ ላይ ከፈት ከደን እያደረግሁ መዝሙሩን እንደ ሰው አስለቀስኩት፤ በየስንኙ መጨረሻ ሳህኑን ለሕዝቡ እዘረጋለሁ። ይህን ሁሉ ማንም አላዘዘኝም፤ ክፍሌ ውስጥ በመስታወት ፊት ተለማምጄዋለሁ።

የመጀመሪያውን ስንኝ ቀጥ አድርጌ ነው የምነፋው፤ ቀልዱ እንዲያምር። ያን ዕለት ቀጥ አድርጌ ስነፋው ሴቶቹ ተነሡ። አንዷ የጓደኛዋን ክንድ ይዛ ስታስነሣት አየኋት። የሆነ ሰው በክብር የጋበዛቸው ነበር የሚመስሉት። ላስቲኩ በግራ እጄ ነበር።

ማቆም እችል ነበር። የሙዚቃ ሸክላ አይደለም መርፌው ጫፍ እስኪደርስ የሚሄድ፤ የኔ ትንፋሽ ነው። አንድ ሙዚቀኛ በሰው ፊት ሲጫወት በየቅጽበቱ መተው ይችላል፤ መድረክ ማለት ይኸው ነው። ከኋላ ግን ሳቁ ጀምሮ ነበር። ላስቲኩን የጥሩምባው አፍ ላይ አደረግሁት።

ይቀመጣሉ ብዬ ነበር። አልተቀመጡም። መናፈሻው ሙሉ ሰው ሲስቅ፣ ከኋላቸው ያለው ሰውዬ "ከልላችሁናል፣ ተቀመጡ" እያለ ሲጮህ፣ እጃቸውን ከደረታቸው ሳያወርዱ እስኪያልቅ ቆሙ። እኔ ሳህኑን እየዘረጋሁ እነሱ ቆሙ። ሲያልቅ ቦርሳቸውን አንሥተው በረድፍ ወጡ። አንዷም ዞራ አላየችኝም።

ከዚያ በኋላ ባሉት እሁዶችም ሠርቼዋለሁ። ይህንንም እወቂው። በየጊዜው ያችን ረድፍ አያለሁ፤ ሌላ ሰው ተቀምጦባታል።

ለአባባ የጻፍኩት ውሸት አልነበረም። ከውሸት የከፋው ለዚህ ነው። የእነሱን ክብር ሰርቄ የኔ አስመስዬ ላክሁላችሁ።

አሁን ፊቴን የት ላግባው? እባክሽ አንቺ ንገሪያቸው። አንቺ ታውቂበታለሽ፤ ለስለስ አድርገሽ...

ወንድምሽ


ሚያዝያ 27

እትዬ፦

ቁራጭ ወረቀትሽ ደርሶኛል። "እኔ የልብስ እንጂ የነውር ጣፊ አይደለሁም" ያልሽውን ከአልጋዬ ራስጌ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ለአባባ በገዛ እጄ ጽፌ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ዓይናቸው ስለማያነብ ድምፅሽን ብቻ አውሺኝ። ምንም አታለስልሺ።

"አሁንስ ትሠራዋለህ?" ላልሽው፣ አልሠራውም። ለአዘጋጁ ሄጄ "ከዛሬ ጀምሮ ያን አልሠራም" አልኩት። እጣላለሁ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ትከሻውን ነቀነቀና "እሺ፣ ይቅር" አለኝ። በሚቀጥለው እሁድ ክላርኔት ነፊው ያን የተጣፈ ሱሪ ለብሶ ወጣ። ልኩ ነው። ሀገራችንን በካርታ ላይ አሳየኝ ቢሉት አያገኛትም፤ መዝሙሩን ግን እኔው ስለማመድ ሰምቶ ይዞታል። ሕዝቡ ከኔ ይልቅ ለእሱ ሳቀ። ይኸው ነው፤ እኔ ወጣሁ፣ የፈጠርኩት ነገር ግን እዚያው ቀረ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ አባባ?

ሴቶቹ ጋ ሄጄ ነበር። ስንት ጊዜ ከሆስፒታሉ በር ተመልሻለሁ። በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጥሩምባዬን ይዤ ገባሁ። የሚተኩሱበት ክፍል ምድር ቤት ነው፤ እንፋሎቱ ፊት አያሳይም። አንሶላ በሁለት በሁለት ሆነው ጫፍና ጫፉን ይዘው እየሳቡ ያጥፋሉ። ሲያዩኝ ሥራቸውን አላቆሙም። ያቺ አንቺ ጋ የመጣችው ቀጭኗም ተመልሳ ነበር፤ ከነሱ መሀል ቀና ብላ ያላየችኝ እሷ ብቻ ናት።

"አለቃ" የሚሏት ትልቋ ሴት "ምን ፈልገህ ነው?" አለችኝ።

"ይቅርታ ልጠይቃችሁ" አልኩ። "መዝሙሩንም በደንቡ ልነፋላችሁ።"

"ይቅርታህን ሰምተናል" አለች። "መዝሙሩን ተወው።"

"እንደ ሰው አድርጌ ነው የምነፋው፣ አባቴ ይሙት።"

"እሱን አልተጠራጠርንም። ግን አንተ በደንቡ ስትነፋውም እኛ የምንሰማው ያኛውን ነው። ሌላ ሰው ሲነፋው እንሰማዋለን።"

ልወጣ ስል አንዷ ወጣት ከእንፋሎቱ ውስጥ "የሚያስጨፍር ነገር አትችልም?" ብላ ጠየቀችኝ፤ ሌሎቹ ሳቁባት። ልጅ ሆነን በሰርግ ቤት የምንሰማውን አንድ ዜማ ጀመርኩ። አልጨፈሩም። ግን ቀስ በቀስ አንሶላውን በምቱ መሳብ ጀመሩ። ማንም አላጨበጨበም። ስጨርስ ቀጭኗ፣ አሁንም ሳታየኝ፣ "አባትህ ወንበራቸውን ለቀውልኛል" አለች።

እትዬ፣ የሀገር ፍቅር እንዳለኝ አስብ ነበር። የሬዲዮ ዜና ስሰማ እናደዳለሁ፣ ኳስ ስናሸንፍ አለቅሳለሁ። ከስድስት ሴቶች ፊት ስቆም ግን ምን እንደነበረኝ አላወቅሁም።

ፉጨት


ግንቦት 30

ለወንድሜ፦

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ፣ አባባም ቆመው ይሄዳሉ።

እንዳዘዝከኝ አደረግሁ። ሱቁን ዘግቼ አነበብኩላቸው፤ አንዲት ቃል አላለሰለስኩም። ሳህኑ ጋ ስደርስ "ዝለይው" ይሉኛል ብዬ ነበር፤ አላሉኝም። ስጨርስ ወረቀቱን ተቀብለው አጣጠፉት። "ላስቲኩ ምን ዓይነት ነው?" ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

በማግስቱ ኮቱን ሳይለብሱ ወጡ። ወዴት እንደሚሄዱ ገብቶኝ ተከተልኳቸው። ፀጉር ቤቱ ሞልቶ ነበር። በሩ ላይ እንደቆሙ "ስለ ልጄ ያወራሁላችሁ ጎደሎ ነው" አሉ። "ሴቶቹ ቆመዋል። ልጄ ግን ሀገሩን ሳህን አስይዞ አሳቀባት።" ፀጉር አስተካካዩ "ኧረ አባታችን፣ ይህን ማለት ምን ያስፈልጋል? ማን ያውቅ ነበር?" አላቸው። "እኔ ነኝ ያወራሁት፣ እኔው ልመልሰው" አሉት። ሁሉንም አንድ በአንድ ነገሯቸው፤ ገመዱን፣ ሱሪውን፣ ቀጣዮቹንም እሁዶች። ማንም አልሳቀም። ይስቁ ይሆናል ብዬ ጥፍሬን መዳፌ ውስጥ ቀብሬ ነበር። ከበሮ መቺው ተነሥተው ተከተሏቸውና ደጃችን ላይ እስከ ምሳ ሰዓት አብረዋቸው ተቀመጡ።

እኔም አልተረፍኩም። ርእሰ መምህሩ ጋ ሄጄ ነገርኳቸው። "ታዲያ ይህ ከስፌት ጋር ምን አገናኘው?" አሉኝ፤ ደግ ሰው ናቸው። በስምህ የተቀበልኩት ሥራ ስለሆነ ኮሌታውን ስሰፋ እጄ ከብዶኝ ነው የጨረስኩት።

ትናንት አባባ ጠሩኝና "ጻፊ" አሉኝ። እስክሪብቶ አነሣሁ። "የእነዚያን ሴቶች ስም በሙሉ ይጠይቅልኝ። የአባታቸውንም ስም ጨምሮ። ለእያንዳንዷ በየስሟ ሰላምታ እልካለሁ። በአንድነት 'ሴቶቹ' ተብሎ አይጻፍላቸውም።" ይህ አደራ ነው፤ አለቃን እየፈራህም ቢሆን ሄደህ ጠይቅ።

"ለልጅዎስ ምን ብዬ ልጻፍ?" አልኳቸው።

"ወረቀት ፊት የለውም" አሉ። "መጥቶ ይንገረኝ። ሲናገር ልየው።"

ጥሪ ይሁን ቁጣ፣ እኔም አልለየሁትም። ከመጣህ ጠዋት ላይ ብትደርስ ይሻላል። ከሰዓት በኋላ ወደ ግድግዳው ዞረው ይጋደማሉ፤ የሚተኙ ግን አይመስለኝም።

እህትህ